የእህቴ ፖስታ

ባለፈው ሳምንት ስለ ጨውና ስለ ደም ግፊት የጀመርኩትን ዛሬ እቀጥላለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ይቅርታ ይደረግልኝና ጨዉ አንድ ሳምንት ይቆይ። አሜሪካ ደርሼ ከመጣሁ ወዲህ ሰው ባገኘኝ ቁጥር ስለ ምርጫቸው ይጠይቀኛል፤ "እንዴት ነው፣ እነማን ይበረታሉ?" ይለኛል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ክትባት ስቆጥር የኖርኩ ነርስ ነኝና የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ስንት ሰው ነው ድምፅ ሊሰጥ የወጣው? ከስንቱ ውስጥ?

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ታኮማ ፓርክ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ሜሪላንድ ግዛት ውስጥ ናት፤ ከዋሽንግተን ዲሲ የሚለያት አንድ መንገድ ነው፣ ተሻግረሽ ዳቦ ገዝተሽ ትመለሻለሽ። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው) 17,629 ሰው ይኖርባት ነበር። የእኛ ሰው በዚያ አካባቢ ብዙ ነው፤ ግን ሲጠየቅ "ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ" ማለት ይቀለዋል። የሚገርመው ሲልቨር ስፕሪንግ ያን ሁሉ ሕንጻና ሕዝብ ይዞ በሕግ ከተማ አይደለም፤ ከንቲባም የከተማ ምክር ቤትም የለውም። ትንሿ ታኮማ ፓርክ ግን ሁሉም አላት። ከንቲባ፣ ከስድስት ቀጠና የሚመረጡ ስድስት የምክር ቤት አባላት፣ የራሷ ፖሊስ፣ የራሷ ቤተ መጻሕፍት። መሃል ከተማው ላይ ደግሞ የነሐስ አውራ ዶሮ ቆሞላታል። በ1990ዎቹ ባለቤት የሌለው አውራ ዶሮ በየመንገዱ እየዞረ ሲጮኽ ኖሮ ሲሞት ሐውልት አቆሙለት። እውነቴን ነው፣ አጠገቡ ቆሜ ፎቶ ተነስቻለሁ።

ወደ የትኛው ፓርቲ እንደምታዘነብል ለማወቅ ብዙ መድከም አያስፈልግም። በ2020 ከአሥር መራጭ ከዘጠኝ በላይ የሚሆነው ድምፁን ለዴሞክራቱ ለጆ ባይደን ሰጥቷል። በ1983 ከተማዋን ከኑክሌር መሣሪያ ነፃ ቀጠና ብለው ያወጁ ሰዎች ናቸው፤ በ1985 ደግሞ የከተማዋ ሠራተኞችና ፖሊሶች የስደተኛን ወረቀት እያሳደዱ ለፌዴራሉ መንግሥት አሳልፈው እንዳይሰጡ ደነገጉ። ጎረቤቶቻቸው "የታኮማ ፓርክ ሕዝባዊ ሪፐብሊክ" እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እኔ ይህን ቀልድ ስሰማ አልሳቅሁም፤ "ሕዝባዊ" የሚል ቃል ስሰማ ዛሬም ጆሮዬ ይቆማል፣ የዕድሜ እኩዮቼ ይገባችኋል። የነሱ ግን ከላይ የወረደ አይደለም። በ1960ዎቹ በመኖሪያ ቤቶቻቸው ላይ ሰፊ አውራ ጎዳና ሊያሳልፍ የነበረውን ዕቅድ ተቃውመው አስቀሩ። ከመሪዎቹ አንዱ የነበረው ሳም አቦት ኋላ በ1980 ከንቲባ ሆነ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሕዝብ ምርጫ ሲሆን ተንጋግቶ አይወጣም? ለፕሬዚዳንት ሲሆን ይወጣል። ለገዛ ከተማው ሲሆን ግን አይወጣም ነበር። በ2013 የከተማዋን ምክር ቤት ለመምረጥ የወጣው ሰው ከአሥር አንድ ገደማ ብቻ ነበር።

እህቴ ቤት ሆኜ ይህን ስሰማ አላመንኩም፤ "ኑክሌር የሚከለክል ሰው ለቆሻሻ መኪናውና ለቤት ኪራዩ አይወጣም?" አልኩ። ነገሩን እየጠያየቅሁ ስሄድ ግን ለጤና ባለሙያ እንግዳ የሆነ ነገር አላገኘሁበትም። በብዙ ቀጠናዎች የሚወዳደረው አንድ ሰው ብቻ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁሉም ጎረቤት በአንድ ወገን ሲያስብ "ውጤቱ የታወቀ ነው" የሚል ስሜት ቤት ይሠራል። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ቀኑ። የከተማዋ ምርጫ የሚደረገው ፕሬዚዳንትም የኮንግረስ አባልም በማይመረጥበት ጎዶሎ ዓመት ነበር፣ ኅዳር ላይ ለብቻው። ቴሌቪዥኑ አያወራውም። ቀኑ ደግሞ ማክሰኞ ነው፤ በ1845 በወጣ ሕግ የፕሬዚዳንት ምርጫ ማክሰኞ እንዲሆን ከተወሰነ ወዲህ ሌላውም ምርጫ አብሮ ማክሰኞ ሆኗል። ያኔ ሕጉን ያወጡት ገበሬው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሞ፣ ሰኞ በፈረስ ተጉዞ እንዲደርስ አስበው ነው ይባላል። ዛሬ ፈረሱ የለም፤ ማክሰኞ ግን እንዳለ አለ፣ የሥራ ቀን።

እኛ ገጠር ስንሠራ ክትባቱን በእኛ ቀን ስንጠራ እናቶች አይመጡም ነበር። ሰነፎች ሆነው አይደለም። ገበያ ቀን ላይ፣ ገበያው መግቢያ ላይ ጠረጴዛ ስንዘረጋ ያው "አይመጡም" የተባሉት እናቶች ከነልጆቻቸው ተሰልፈው ይገኛሉ። ታኮማ ፓርክም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ከ2020 ጀምሮ የከተማዋን ምርጫ ከታላቁ ምርጫ ጋር በአንድ ቀን አደረገችው፤ ወረቀቱንም በፖስታ እየየቤቱ ላከች። ድምፅ የሰጠው ሰው በአንድ ጊዜ በብዙ እጥፍ ጨመረ። ሕዝቡ ያው ሕዝብ ነው፣ አስተሳሰቡም ያው ነው። የተለወጠው ጠረጴዛው የተዘረጋበት ቦታና ቀን ነው።

አሁን ወደ ቁጥር ልውሰዳችሁ፤ አትሽሹ፣ አጭር ነው። ወጣት ሆኜ በሠራሁበት አንድ ጤና ጣቢያ የኩፍኝ ክትባት ሽፋናችን ከመቶ በላይ ሆኖ ተመዝግቦ ነበር። ከመቶ በላይ! ኃላፊያችን ተደሰቱ፤ እኛ ግን ሲከፈል ታህት ላይ የተቀመጠው የሕፃናት ቁጥር ከእውነተኛው ያነሰ መሆኑን እናውቅ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከመቶ ይህን ያህል የሚለኝን ሰው ሁሉ "ከየትኛው መቶ?" እለዋለሁ። ልጆቼ ጠልተውኛል።

ታኮማ ፓርክ በ2013 በአሜሪካ የመጀመሪያ የሆነ ነገር አደረገች፤ በከተማዋ ምርጫ 16 ዓመት የሞላው ልጅ ድምፅ እንዲሰጥ ፈቀደች። በዚያ ዓመት ከ18 ዓመት በታች ሆነው የተመዘገቡት 134 ነበሩ፤ ከነሱ 59ኙ መረጡ። 44 ከመቶ መሆኑ ነው። ጋዜጣው ሁሉ "ልጆቹ ከአዋቂው በአራት እጥፍ በለጡ" አለ። እኔ ደስ ቢለኝም ታህቱን አየሁ። እነዚህ 134 ልጆች በዚያው ሰሞን ራሳቸው ፈልገው የተመዘገቡ ናቸው፤ ያልተመዘገበው እኩያቸው በሒሳቡ ውስጥ የለም። የአዋቂዎቹ መዝገብ ላይ ደግሞ ድሮ የተመዘገበ፣ የረሳው፣ ምናልባትም ቤት የቀየረ ሰው አለበት። ሁለቱን ማወዳደር ካርድ ይዛ ወደ ክትባት የመጣችን እናት በቀበሌ ካለችው እናት ሁሉ ጋር እንደማወዳደር ነው። ይህን ስል ልጆቹን ላሳንስ አይደለም። 59 ልጅ በማክሰኞ ቀን ለከተማው ምክር ቤት ወጣ ማለት ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ደግሞ የእኛን ሰው በቀጥታ ይነካል። ታኮማ ፓርክ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማዋ ምርጫ እንዲመርጥ ከ1992 ጀምሮ ፈቅዳለች። የተጀመረውም ከታህት ነው! ከ1990 የሕዝብ ቆጠራ በኋላ ቀጠናዎቹን በሕዝብ ብዛት እኩል አድርገው ሲከፍሉ፣ ነዋሪው እኩል ሆኖ መራጩ ግን በጣም የተራራቀ መሆኑ ታየ። አፓርታማ የበዛበት ቀጠና ውስጥ ዜጋ ያልሆነ ሰው ብዙ ስለሆነ ጥቂት መራጭ አንድ የምክር ቤት አባል ያስገባል። በዚያን ጊዜ ወጣት የሕግ መምህር የነበረው ጄሚ ራስኪን፣ ዛሬ የዚያ አካባቢ የኮንግረስ አባል የሆነው፣ ከሌሎች ጋር ሆኖ "እነዚህም ነዋሪ ናቸው" ብሎ ተከራከረ። በ1991 ሕዝቡ ተጠይቆ በጠባብ ልዩነት እሺ አለ፤ በማግሥቱ ዓመት ምክር ቤቱ ሕግ አደረገው። ያ "ሁሉም አንድ ዓይነት ያስባል" የተባለው ከተማ በዚህ ላይ ለሁለት ሊከፈል ምንም አልቀረውም ነበር።

በሩ ከተከፈተ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። የሚገባበት ሰው ግን ጥቂት ነው። የተመዘገቡት የውጭ ዜጎች ጥቂት መቶዎች ናቸው፤ ከነሱም ድምፅ የሚሰጠው ጥቂቱ ነው። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ከእህቴ ሳሎን መውጣት አላስፈለገኝም።

እትዬ 72 ዓመቷ ነው። ግሪን ካርድ አላት፤ ዜግነት አልወሰደችም። "የአባቴን አገር ወረቀት በስተርጅና አልመልስም" ትላለች፤ የእኛ አገር ሕግ ሁለት ዜግነት ስለማይፈቅድ የሌላውን ስትወስድ የኢትዮጵያውን ትለቃለችና። አብራት የምትኖረው ልጇ ዜጋ ናት፣ እንደኔ ነርስ። የልጅ ልጇ 17 ዓመቱ ነው፤ አማርኛው እንደ ነገሩ ነው፣ ልቡ ግን ወርቅ። እንግዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ሰው ለአንዲት ከተማ መምረጥ ይችላል ማለት ነው። አንዷ በዜግነቷ፣ አንዱ በ16 ዓመት ሕግ፣ አንዷ በነዋሪነቷ።

የከተማዋ የምርጫ ወረቀት የያዙ ፖስታዎች ሲመጡ እዚያው ነበርኩ። ልጁ የእናቱንም የአያቱንም የራሱንም ከሳጥን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ደረደረ። የአያቱን ስም ከተማው ቢሮ ሄዶ አብሯት ያስመዘገበው እሱ ነው፤ እሷ የቤተ መጻሕፍት ካርድ መስሏት ነበር ፊርማዋን ያኖረችው። ፖስታውን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እማማ፣ ምርጫ ነው። ለከተማ።"

"እኔ የሰው አገር ሰው ነኝ። ስሜን ማን ሰጣቸው?"

አነሳችና ከቡና ረከቦቱ ሥር ሸጎጠችው። በኋላ ብቻችንን ስንሆን "አንቺ እንኳን ታውቂያለሽ፤ ስም ዝርዝር ውስጥ የገባ ሰው ምን እንደሚሆን አይተናል" አለችኝ። ምን ልበላት? አይተናል። በሠፈራችን ስማቸው ተጽፎ የተወሰዱትን ሁለታችንም እናስታውሳለን።

ደግሞስ ፍርሃቷ ሁሉ ከድሮ የመጣ ብቻ አይደለም፤ የዛሬም ምክንያት አለው። ይህን ክፍል ዘመድ እዚያ ያላችሁ በደንብ አንብቡልኝ። ዜጋ ያልሆነ ሰው ለፕሬዚዳንትና ለኮንግረስ ድምፅ መስጠት በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። በግዛቱ የመራጮች መዝገብ ላይ "ዜጋ ነኝ" ብሎ መፈረም ግሪን ካርድ ሊያሳጣ፣ ከአገርም ሊያስወጣ ይችላል። መንጃ ፈቃድ ሲወጣ ወይም ሲታደስ "መራጭ ሆነው ይመዝገቡ?" የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ እንግሊዝኛው ያልጠነከረ ሰው ሁሉን "አዎ" እያለ ሊያልፍ ይችላል። ያ ለዜጋ ብቻ ነው። የታኮማ ፓርክ የውጭ ዜጎች መዝገብ ሌላ ነው፤ ከተማዋ ለብቻው ትይዘዋለች፣ ወረቀቱም የፕሬዚዳንት ስም የለበትም። ከተማዋን አልፎ መንገድ ማዶ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ግሪን ካርድ ያለው ሰው ይህ መብት የለውም። ስለዚህ "እገሊት መርጣለች፣ እኔም ልምረጥ" አይባልም። ዜግነት ሲጠየቅም ከቅጹ ጥያቄዎች አንዱ "ለመምረጥ ተመዝግበው ወይም መርጠው ያውቃሉ?" የሚል ነው። በሕግ በተፈቀደበት በአንድ ከተማ ብቻ የመረጠ ሰው ያን የሚያሳይ ወረቀት ከከተማው ይዞ ማስቀመጥ፣ ማመልከቻውንም ከመሙላቱ በፊት የስደተኛ ጉዳይ ጠበቃ ማማከር አለበት። መድኃኒት በሰው ምክር አይወሰድም፤ ይህም እንደዚያው ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ አደጋ እያወቅሽ ለምን አይቀርባትም አላልሽም? ትሉኝ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ብዬ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የቤት ኪራዩ ነው። ታኮማ ፓርክ ውስጥ አከራይ በዓመት የሚጨምረው ኪራይ በከተማው ሕግ የተገደበ ነው፤ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ እንዲሁ ነው፣ ጭማሪው ከዋጋ ንረት ጋር የተያያዘ ነው። በዙሪያዋ ያለው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ቋሚ ገደብ ያወጣው በ2023 ነው፣ ያም ከታኮማው የላላ ነው። እህቴ በዚያ አፓርታማ ከአሥር ዓመት በላይ መቆየት የቻለችው በዚህ ሕግ ነው። ሕጉን የሚያጸናው ወይም የሚያላላው ፕሬዚዳንቱ አይደለም። ሰባት ሰዎች ናቸው፣ ከንቲባውና ስድስቱ። እነዚህን ሰባት ሰዎች ማን ይመርጣል? ዛፍ በተተከለበት ሰፈር የራሱ ቤት ያለው ሰው ይወጣል፤ አፓርታማ ያለው ተከራይ ይቀራል። የትም አገር ቤት ያለው ከተከራይ ይልቅ ይወጣል፣ ዕድሜ የጠገበ ከወጣት ይልቅ ይወጣል። ሕጉ የሚጠብቃቸው ሰዎች ሕጉን ከሚጠብቁት ውስጥ የሉም ማለት ነው። የከተማው መመሪያ በአማርኛም እንደሚዘጋጅ አሳየኋት። "ለኛ ሲሉ ጽፈውታል እንዴ?" አለችና መነጽሯን አምጪ አለችኝ።

ወረቀቱ ላይ የሚመረጠው እንደኛው አንድ ምልክት በማድረግ አይደለም። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ በደረጃ ማስቀመጥ ይቻላል። ማንም ከግማሽ በላይ ካላገኘ መጨረሻ የሆነው ይወጣና እሱን አንደኛ ያሉት ሰዎች ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይሄዳል። እንደገና ይቆጠራል። ለእትዬ ለማስረዳት ሠርግ ላይ ዶሮ ወጥ ካለቀ ቀይ ወጥ፣ እሱም ካለቀ አልጫ ብዬ ተናገርኩ። ወዲያው ገባት። "ጾም ከሆነስ?" አለች።

የቸገረኝ የእህቴ ልጅ ነች። ዜጋ ናት፣ ምንም የሚያስፈራት ነገር የለም፣ እንግሊዝኛው ያለቀለት ነው። ግን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደመረጠች ስጠይቃት ማስታወስ አልቻለችም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታ አንድ ሰዓት ተረኛ ናት፤ በሽተኛ አስረክባ ስትወጣ አንድ ተኩል ይሆናል። ምርጫ ጣቢያው የሚከፈተው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፣ የሚዘጋው ማታ ሁለት ሰዓት። የዚያ አገር ተረኛ ነርስ ያ ግማሽ ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ግን እውነቱን እንነጋገር ካልን ሜሪላንድ ውስጥ ከምርጫው ቀን በፊት ስምንት ቀን ሙሉ ቀድሞ መምረጥ ይቻላል፣ በፖስታም ይቻላል። የከተማው ፖስታ ደግሞ እጇ ላይ ነው። "አክስቴ፣ እዚህ እኮ ማን እንደሚያሸንፍ ይታወቃል፤ የኔ አንድ ድምፅ ምን ይጨምራል?" አለችኝ። ለፕሬዚዳንቱ ከሆነ እውነቷን ነው፤ በሜሪላንድ ላይከብድ ይችላል። ለከተማው ግን ልክ አይደለችም፤ ጥቂት ሰው በሚመርጥበት ቀጠና ጥቂት ድምፅ ሰው ያስገባል ያስወጣል። ይህን አልኳት። "እሺ" አለች፤ በሽተኛ መድኃኒቱን እንዲወስድ ስትነግሩት የሚላት ዓይነት "እሺ"። ሠላሳ ዓመት የሰማኋት ናት።

እኔ ወደ አገሬ የምመለስበት ቀን ስለደረሰ መጨረሻውን አላየሁም። አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ አንድ ማታ ልጁ በስልክ ፎቶ ላከልኝ። እትዬ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ከላይ የልጅ ልጇን ጃኬት ደርባ፣ ድምፅ መክተቻው ሳጥን አጠገብ ቆማለች። ፖስታውን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ከሥሩ "እማማ ሁለት ጊዜ ነው ያነበበችው፣ ሦስቱንም አስቀመጠች" ብሎ በእንግሊዝኛ ፊደል በአማርኛ ጽፏል። ወዲያው እህቴን ደወልኩላት። ማንን እንደመረጠች ጠየቅኳት።

"ምስጢር ነው አይደል እንዴ የሚባለው?" አለችኝ።

ልጅሽስ? ብላት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ትናንት ማታ ተረኛ ነበረች፣ ዛሬ ተኝታለች አለች። ፖስታው ፍሪጁ ላይ በማግኔት እንደተለጠፈ ነው።